ሳን ሆዜ ጋራዥ ውስጥ ያለቀው የሠርግ ፊልም

ባለፈው ሰመር የሆነ ነው። ሰዎች ስለ ኮምፒውተር ዋጋ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

በሥራ ቀን ኦክላንድ ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐበሻ ሠርግ እቀርጻለሁ። ያን ቅዳሜ የኤደንን ሠርግ ቀረጽኩና ለእናቷ ለእትዬ አስቴር፣ «አያስቡ፣ ነገ መልሱ ላይ ፊልሙን ያዩታል» ብዬ አፌን ሞልቼ ቃል ገባሁ።

እሁድ ጠዋት ቆርጬ የቀጠልኩትን ፊልም አንድ ላይ እንዲያወጣልኝ ሳዘው ላፕቶፔ እንደ አውሮፕላን አጓራና ቀጥ አለ። አጥፍቼ አስነሳሁት። አሁንም ቀጥ አለ። ላብ በላብ ሆንኩ።

በዚህ መሀል ቴክስት ገባልኝ። «እየመጣችሁ ነው?» ይላል።

ለካ ለዚያ ጠዋት ቀጠሮ ነበረኝ! ሳን ሆዜ ያለች አንዲት ሴት ያገለገለ ዎርክስቴሽን ትሸጣለች፤ ለከባድ ሥራ የሚሆን ትልቁን ዓይነት ኮምፒውተር። ከሠርጉ ሩጫ የተነሳ ጭራሽ ረስቼው ነበር። ባሌ ዳዊት ደግሞ ከመጀመሪያውም አልወደደውም። «በዚህ ዋጋ እኮ መኪና ይገዛል። ይሄ ጎማ እንኳን የለው!» ይለኛል።

ፊልሙ ያለበትን ሃርድ ድራይቭ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ የመልሱን የሐበሻ ልብሳችንን እንደለበስን ተነሳን። ዳዊት እየነዳ፣ «ማየት ብቻ ነው፣ እሺ?» አለኝ።

ሴትየዋ ግሬስ ትባላለች፤ ፊሊፒናዊት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የቤት ፕላን ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ማሽኑ ጋራዥዋ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ ኮመዲኖ የሚያክል። ችግሬን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ሃርድ ድራይቩን ከእጄ ወሰደችው።

«የራስሽን ሥራ ስጪውና ሞክሪው። ካልሞከርሽው በምን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

ደግነቱ እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም እሷም ጋ ነበር። ፊልሙን ከፈትኩትና «አውጣ» የሚለውን ተጫንኩት።

ዳዊት ብዙ መቆየታችን ነው ብሎ ወንበር ፍለጋ ሄደ። ወንበሩን ይዞ ሲመለስ ከግማሽ በላይ አልቋል።

«ተበላሸ መሰለኝ» አለኝ።

«ምኑ?»

«እንዲህ አይፈጥንማ!»

ሳይቀመጥ አለቀ። የምሬን ነው፣ ወንበሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ደህና መውጣቱን ለማየት ከፈትነው። ዘፈኑ ጋራዡን ሞላው። ሚዜዎቹ እስክስታ ሲወርዱ ግሬስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ትከሻቸውን እንዴት ነው እንደዚያ የሚያደርጉት?»

ዳዊት ይሄን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነጠላውን አጣፍቶ መሀል ገባ። ግሬስ ተከተለችው። እኔም ገባሁ። ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ትከሻውን መሞከር ጀመረ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ከዚያ ዳዊት ላቡን እየጠረገ፣ «ግሬስ፣ ዋጋው ላይ ግን ትንሽ ታስተያዪናለሽ?» አላት። ላይገዛ የመጣው ሰውዬ!

«ዋጋውን በኋላ እናወራለን። አሁን ሂዱ፣ ሙሽሮቹ ይጠብቋችኋል» ብላ ፊልሙን ከነሃርድ ድራይቩ አስይዛ እየገፋች አስወጣችን። ለሥራው አንድ ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

መልሱ የተዘጋጀበት ሳን ሊያንድሮ ያለው አዳራሽ ስንደርስ ሰው ምግብ ማንሳት ገና አልጀመረም። ፊልሙ ሲጀምር እትዬ አስቴር ግድግዳው ላይ ራሳቸውን ሲጨፍሩ አዩ።

«ውይ፣ እኔ ነኝ እንዴ? እንዲህ እጨፍራለሁ?» አሉና ለራሳቸው ጭፈራ እልል አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሦስቴ አስደገሙኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማሽኑን ገዛነው። ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ኢሜይል ለሚጽፍና ዩቲዩብ ለሚያይ ሰው፣ «ገንዘብህን አታባክን» እለዋለሁ። ውድ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን ዘንድሮ እሁድ ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ፣ ቀሚሴን ተረጋግቼ ተኩሼ መልስ እሄዳለሁ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኛል።