በሁዳዴ እንቁላል የበቀለው ጀርም

በደርግ ዘመን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ኃላፊ ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ካስተማረኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝሁት ያላየሁትን አለመጻፍ ነው። ይህን ደንብ የጣስሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ የቅኔ መምህር ለሳንባ ነቀርሳ ዓመት ሙሉ መርፌ ቢወጉ፣ ክኒን ቢውጡ፣ አክታቸው ከጀርም አልጠራም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ እንደማይቀምሱ ስለማውቅ፣ ሳልጠይቃቸው «በጾም ምክንያት መድኃኒቱን ያቋርጣሉ» ብዬ ካርዳቸው ላይ ጻፍሁ። ሐኪሙ ያንን አንብቦ ከመድኃኒት ተቀባዮች መዝገብ ሊሰርዛቸው ወሰነ። ተማሪዎቻቸውን እንዳያስይዙ ቀድሞውኑ ከጉባኤያቸው ተለይተዋል፤ መድኃኒቱም ከቀረ የመመለስ ተስፋ የላቸውም።

መምህሩ ነገሩን ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ በሁዳዴም ማለዳ ማለዳ እውጣለሁ። አንተ ከማን ሰማህ?»

መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ጀርሙን ራሱን ለመጠየቅ ቆረጥሁ።

እንዲህ ያለው ጀርም የሚበቅለው በእንቁላል በተሠራ ምግብ ላይ ነው። ሁዳዴ ተጋምሶ ስለነበር እንቁላል ገበያ ላይ ፈላጊ አጥቶ ተከምሯል። ገዝቼ መትቼ፣ ከግማሹ ጋር መምህሩ የሚወስዱትን መድኃኒት ቀላቅዬ፣ በጠርሙስ አረጋሁት። አክታቸውን ዘርቼም በላምባ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ አኖርሁት።

በሳምንቱ የኔታ መጥተው ወደ ጠርሙሱ አጮለቁ።

«እኛ ስንጾም እሱ እንቁላል ይበላል?»

«ይበላል፣ የኔታ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው።»

«እንግዲያው ከደብተራ ይሻላል። ደብተራ ሲገድፍ ይቸኩላል።»

ፋሲካ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ሐኪሙ «እንቁላልህን ጣልልን፤ ሊጠነባ ነው» አለኝ። አልጣልሁም፤ እንዲህ ያለው ዘር ከመጠበቅ በቀር ሌላ ጥበብ እንደሌለው አውቃለሁ። በሰባተኛው ሳምንት መድኃኒት ባለበትም በሌለበትም ጠርሙስ እኩል በቀለ። ቀለሙም እንደ ነቀርሳ ጀርም ነጣ ያለ ሳይሆን የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። የነቀርሳ ዘመድ ነው እንጂ ነቀርሳ አይደለም፤ ከውኃና ከአፈር ይገኛል፣ ከሰው ወደ ሰው አይሻገርም፣ በእጃችን ላለው መድኃኒትም አይበገርም።

ሐኪሙ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሣ አየ። ከዚያ ስረዛውን ትቶ ሌላ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እንዲላክ ደብዳቤ ጻፈ። እኔም የካርዱን ቃል ሰርዤ፣ ከሥሩ «ሳልጠይቅ የጻፍሁት ነው» ብዬ ፈረምሁ።

«ይፍቱኝ፣ የኔታ።»

«ይፍታህ። ጉባኤውስ?»

«ከነገ ጀምረው ማስተማር ይችላሉ።»

«ለምን ነገ? ገና ረፋድ ነው» አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ደብሩ አቀኑ።