የሽንፋ መንገድ ሦስተኛ ሰው

አዛናው በሚስቱ ቀንቶ አያውቅም። ባንቺአየሁ በገበያ ቀን ከሰሊጥ ደላሎች ጋር ስትከራከርና ስትሳሳቅ ብትውል፣ እሱ ከያዘው ጎማ ቀና አይልም። የቀናው በጓደኛው ነው። ለአርባ ስምንት ዓመት ሰው የማይሆን ነገር እንደሆነ ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን አላስተወውም።

ከበለሳ ወደ ኮኪት የወረደው በሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ለሰሊጥ አረም፣ ለሁለት ወር ብሎ። እንደወረደ ቀረ። መጀመሪያ ጆንያ ተሸከመ፤ ኋላ ከአስፋልቱ ዳር ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሳይክል ጠጋኝ ሆነ። ከዛፉ ፊት ለፊት ሳሙና፣ ስኳርና ሽርጥ የሚሸጥበት የአብዱልሀኪም ሱቅ አለ። ሰው ሁሉ «ሐጂ» እያለ በአንቱታ ሲጠራው፣ በዐሥር ዓመት የሚያንሰው አዛናው ብቻ «አንተ» ይለዋል። ሳይክል መንዳት ያስተማረው አብዱልሀኪም ነው። በገበያ መሃል ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ሲሮጥለት፣ አላፊ አግዳሚው «ሐጂ፣ ወይፈን እየገሩ ነው ወይ?» እያለ ይስቅ ነበር።

አብዱልሀኪም በወጣትነቱ ፖርት ሱዳን ሠርቷል። ዓርብ ከስግደት በኋላ በቀይ ባሕር ዳር ሳይክሉን እየነዳ የጨው ሽታ ያለውን ነፋስ መቀበል እዚያ የለመደው ነገር ነው። ለኮኪት ባሕር ከየት ይምጣላት? ሽንፋ ወንዝ ግን አለ። መንገዱ ሰላም ነው ከተባለ በዓመት ሁለት ሦስቴ፣ ሰሊጡ ተጭኖ ሲያልቅ ወይም ማሽላው ተወቅቶ ከተማው ፋታ ሲያገኝ፣ ሁለቱ ቅዳሜ በጧት ይነሣሉ። ወንዙ ዳር ካለ የአብዱልሀኪም ዘመድ ቤት አድረው እሑድ ይመለሳሉ። አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ ዓሣ ገዝተው ይጠብሳሉ። የኮኪት ሰው ይህ ነገር ፈጽሞ አልገባውም። ሳይክል የሚነዳ ሰው ወይ ዕቃ ሊያደርስ ነው ወይ ሊያመጣ ነው፤ እነዚህ ባዶ እጃቸውን ሄደው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። «ምን ልታመጡ ነው?» የሚለውን ሁሉ አብዱልሀኪም «ነፋስ» ይለዋል።

ባለፈው ኅዳር ለይኩን የሚባል የሰብል ተባይ ባለሙያ ከባሕር ዳር ተመድቦ መጣ። ሠላሳ ያልሞላው፣ ትሑት፣ ማርሽ ያለው ሳይክል የሚነዳ ሰው ነው። ሳሙና ሊገዛ ሱቁ በገባበት ቀን ከአብዱልሀኪም ጋር የውኃ ዳር ወሬ ጀመሩ፤ አንዱ የቀይ ባሕርን፣ አንዱ የጣናን። ያ ወሬ በየቀኑ ይቀጥላል። አዛናው ከዛፉ ሥር ሆኖ ይሰማል። አንድ ቀን ለይኩን ዞር ብሎ ጣናን አይተውት ያውቁ እንደሆን በአክብሮት ጠየቀው። በአውቶቡስ መስኮት አይቸዋለሁ ብሎ መለሰ። ሁለቱ አልሳቁበትም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

በጥር ደግሞ ሐጂና ያ ልጅ ጧት ጧት ከከተማ ውጭ አብረው ሳይክል እንደሚነዱ አንድ ዳቦ ሻጭ ነገረው። አዛናው ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለና አመሻሹ ላይ እንደ ቀልድ አድርጎ ጧት የት እንደነበር አብዱልሀኪምን ጠየቀው። ጉዳይ ነበረኝ አለው፤ ዓይኑን ግን ወደ ስኳሩ ሚዛን አዞረ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አብዱልሀኪም ሲዋሸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ለባንቺአየሁ ነገራት። ሰምታው ሰምታው፣ «በኔ እንዲህ ቀንተህ ቢሆን ኑሮ ስንት ቀሚስ ለብሸ ነበር» አለችው።

ጥር ሊያልቅ ሲል አብዱልሀኪም የለይኩንን ሳይክል እየገፋ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ዘንድሮ የናንተም የኛም ጾም ባንድ ሳምንት ነው የሚገባው፤ ሳይገባ ቅዳሜ ሽንፋ እንውረድ አለው። አዛናው ፊቱ በራ። ወዲያው ግን አብዱልሀኪም ሳይክሉን ከዛፉ አስደግፎ፣ «ለይኩንም አብሮን ይሄዳል። የቆላ ጎማ አድርግለት» አለና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ይሂድ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀውም።

የቆላ ጎማ የአዛናው ሙያ ነው። በበጋ መንገዱን ኩርንችት ይሞላዋል፤ እሾሁ በወደቀበት ሁሉ አንዱ ጫፉ ወደ ሰማይ ይቆማል፤ የደጋ ሳይክል መቶ እርምጃ አያስኬድም። አዛናው አሮጌ የሞተር ካላማዳሪ ርዝመቱን ይሰነጥቅና በውጭው ጎማና አየር በሚይዘው ካላማዳሪ መካከል ያነጥፈዋል። እሾሁ ውጭውን ቢበሳ ንጣፉ ላይ ይቀራል። ከመተማ እስከ አብደራፊ ያለ ሳይክለኛ ለዚህ ብሎ ይመጣል።

የለይኩንን ጎማዎች ፈታቸው። ንጣፉን ቆርጦ በእጁ ያዘው። የማርሹን ጥርሶች፣ የመሪውን ለስላሳ እጀታ አየ። ከሱቁ የአብዱልሀኪም ሳቅ ተሰማው፤ ጣና ላይ ስለ ተገለበጠ ታንኳ ነበር ወሬው። ንጣፉን ከሣጥኑ መልሶ ከተተና ጎማዎቹን ባዷቸውን ገጥሞ ነፋቸው። ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ልጁ የመጀመሪያው ኩርንችት ላይ ይቆማል፤ በጭነት መኪና ይመለሳል፤ እኛ እንደ ድሯችን እንሄዳለን።

ቅዳሜ ጧት ወጡ። አብዱልሀኪም በአሮጌው ሳይክሉ ፊት፣ አዛናው መሃል፣ ለይኩን ኋላ። አስፋልቱን ለቀው ወደ ሽንፋ የሚያወጣው የአፈር መንገድ ላይ እንደደረሱ ለይኩን አስቆማቸውና ወረደ።

«እዚህ ጋ እንቀያየር ሐጂ፤ አሸዋው ከመጀመሩ በፊት።»

አዛናው ምን እንደሆነ አልገባውም። አብዱልሀኪም ሽርጡን ከፍ አድርጎ ያበጠ ጉልበቱን አሳየው። ዓመት ሆኖታል፤ ጎንደር ያየው ሐኪም ሳይክል ተው ብሎታል። ማርሽ ባለው ግን ጉልበቱን እንደማይጎዳው ለይኩን ነግሮት፣ ወሩን ሙሉ ጧት ጧት ሲያለማምደው ከርሟል። ለሽንፋው መንገድ ሲል ነበር።

«ላንተ ያልነገርሁህ» አለ አብዱልሀኪም፣ «ከሰማህ ይቅርብን ትላለህ ብየ ነው። ይኸኛው የመጨረሻየ ሊሆን ይችላል፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው።»

አዛናው ቀድሞ የተሰማው ጸጸት አልነበረም። ያ ልጅ ስለ ጉልበቱ ከኔ በፊት አወቀ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጎማዎቹ ትዝ ያሉት። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ለይኩን ለሽማግሌው የኮርቻውን ቁመት ሲያስተካክልለት አየና መልሶ ዘጋው።

አብዱልሀኪም እንደ ጎረምሳ ነዳ። ታጭዶ ባለቀው የማሽላ አገዳ መካከል ማርሹን እየቀያየረ፣ ሽርጡን ነፋስ እየነፋው፣ በዐረብኛ እያንጎራጎረ። አዛናው ከኋላው እየተከተለ የኋላ ጎማውን ብቻ ያያል። አሁን እነግረዋለሁ፣ ከዚያች ጉብታ ስንደርስ እነግረዋለሁ እያለ ጉብታውን አለፉት። ከብት ይታጎርበት የነበረ የተረገጠ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ጎማዎች ባንድ ጊዜ ተነፈሱ። ሳይክሉ ተንገዳገደ። አብዱልሀኪም እንዳይወድቅ በታመመው እግሩ መሬቱን መታና ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

ለይኩን ሮጦ ደገፈውና ከግራር ሥር አስቀመጠው። ሁለቱም አዛናውን አዩት፤ ጠጋኙ እሱ ነዋ። ተንበርክኮ የኋላውን ጎማ ፈታ። ካላማዳሪው ወንፊት መስሏል። ከሥሩ ምንም የለም።

አብዱልሀኪም ይህን ሥራ መቶ ጊዜ አይቶታል። ለይኩን ነገሩን ለማቅለል ብሎ፣ ምናልባት ትናንት ጎማውን ላጥበው ብየ ስፈታው ንጣፉ ወድቆ ይሆናል አለ። እንዳልፈታው ሦስቱም ያውቃሉ። አዛናው ልጁ የዘረጋለትን መውጫ አየው። ብቻ እሺ ማለት ነበረበት። ይህንንም ከሱ እጅ መቀበል አንገፈገፈው።

«አልከተትሁም» አለ።

«ረስተህ ነው?» አለው አብዱልሀኪም።

«አልረሳሁም።»

አብዱልሀኪም ጉልበቱን አሻሸ።

«ረቢዓ ሚስቴ» አለ፣ «ጣውንት ባመጣባት እንኳ እንዲህ አታደርግም ነበር።»

ለይኩን ሳቁ አመለጠውና ፊቱን አዞረ። አብዱልሀኪም ግን አልሳቀም።

አዛናው የራሱን ሳይክል አጋደመና ሁለቱንም ጎማዎች ፈትቶ ንጣፎቹን አወጣ። ለለይኩን ጎማ ልክ ቆረጣቸው። የተበሱትን ካላማዳሪዎች ቀዳዳ በቀዳዳ እየፈለገ በማስቲሽ ለጠፈ፤ ዐሥራ አንድ ቦታ። ንጣፉን በመዳፉ እየዳበሰ አስተኛው፤ አንዲት መጨማደድ እንዳትኖር። ሥራው ሲያልቅ ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ ለሱ ሳይክል ባዶ ጎማ ቀርቶለታል።

ሦስታችንም ብንመለስስ አለ ለይኩን። አብዱልሀኪም ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተከለውን ዓይኑን አላነሣም። አዛናው ያንን ዓይን ያውቀዋል፤ ዛሬ ከተመለሰ ሌላ ጊዜ እንደማይወጣ አወቀ።

«ሂዱ» አለ። «እኔ እየገፋሁ እመለሳለሁ።»

አብዱልሀኪምን ደግፎ ኮርቻው ላይ አወጣው። ሽማግሌው አላመሰገነውም፤ እጁንም አልገፋም። ጥቂት ሄዶ ፍሬን ያዘና ሳይዞር ተናገረ።

«እሑድ አስፋልቱ አፍ ላይ ጠብቀን። ውኃ ይዘህ ና።»

ሄዱ። ለይኩን ከኋላ፣ አዛናው ሁልጊዜ በሚሆንበት ቦታ ሆኖ ሽማግሌውን እየጠበቀ ነዳ። አዛናው አቧራቸው እስኪጠፋ ቆሞ አያቸው። ይህ ቅጣት ይገባኛል አለ በልቡ፤ ቢገባውም ያችን ቦታ ለማንም ሊተው አንጀቱ እሺ አላለውም። ሳይክሉን አነሣና ፊቱን ወደ ኮኪት አዞረ። እየገፋ መቶ እርምጃ እንኳ ሳይሄድ፣ እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ አለመጠየቁ ትዝ አለው። ከጧት ጀምሮ እጠብቃለሁ ብሎ እዚያው ወሰነ።