ቲማቲም የሸጥኩበት ገበያ

ባለቤቴ ከነገሌ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ በኋላ ከደመወዙ ለቤተሰብ የሚላከው ተቆራጭ ወር እየዘለለ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ጭራሽ ቀረ። እኔ ጦር ካምፑ አጠገብ በተከራየነው ቤት ከሁለት ሕፃናት ጋር ቀረሁ። ጓሮዬ ቲማቲም ነበረኝ። ሐገያ የሚሉት የመኸር ዝናብ ሲያቆም የጎረቤቱ ሁሉ ደረቀ። የኔን ግን በእጣቢ ውሃ እያጠጣሁ፣ ሥሩን በሣር እየሸፈንኩ ታኅሣሥ አስገባሁት። ከተማው ቲማቲም ባጣ ጊዜ የኔ ቀላ።

የመቶ አለቃ ሚስት ነኝ፤ መሬት ተቀምጬ እሸጣለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ልጆቹ ግን መብላት ነበረባቸው። ወተት የሚያመጡልን የቦረና እናት «ነይ፣ እኔ ጋ ተቀመጪ» አሉኝ። በገበያው ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

መደቡን ደርድሬ ሳልጨርስ የባለቤቴ ባልደረባ ሚስት መጣች። የሠርጓን ድግስ ያሰናዳነው እኔ ጓዳ ነበር።

«ውይ! በዚህ ድርቅ ከየት አገኘሽው?» አለች ጎንበስ ብላ።

ድምፄን እንዳትለየው በኦሮምኛ መለስኩ። «መነ ኮ»፤ ቤቴ ማለቴ ነበር። ምላሴ ግን የጎጃም ነው። ወተት ሻጯ ሳቅ አመለጣቸው።

ሴትየዋ ቀና ብላ ዓይኔን አየች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «እማማ፣ ንገሩልኝ፤ ሁሉንም እወስዳለሁ። ለሚቀጥለው ገበያም ታስቀምጥልኝ።»

ሳትከራከር ከፍላ ዘንቢሏን ሞልታ ሄደች። እንዳወቀችኝ አውቄአለሁ። በስሜ ብትጠራኝ ይሻለኝ ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? ሸጥሽ አይደል?» አሉኝ እናት ግራ ገብቷቸው።

በሚቀጥለው ገበያ ነጠላዬን አወረድኩ። ስትመጣ፣ «እንዴት ነሽ?» አልኳት በአማርኛ። ዓይኔን ማየት አልቻለችም። አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«የኔንም ሰውዬ የዘመቻ ትእዛዝ ደርሶታል» አለች ቀስ ብላ። «ዘር ትሰጪኛለሽ? እንዴት እንደምታጠጪውም አሳዪኝ።»

ላዝንላት ሲገባኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ብቻዬን አይደለሁማ! ገበያ ከመቀመጤ ይልቅ ዛሬም ፊቴን የሚያግለው ይሄ ነው። ያን ቀን አንዱን የበሰለ ፍሬ ጨምቄ ዘሩን አመድ ላይ አሰጣሁት፤ ሲደርቅም ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት።