ጅን አይደግምም

ዛሬ ከሰዓት በጠራራ ፀሐይ እናቴ ከግቢው በር ላይ «ዘሀራ» ብላ ጠራችኝ። አቤት ልል ስል አክስቴ አፌን በእጇ ከደነችው።

ከአክስቴ ጋር ፊልም እያየን ነበር። ከተማሪነቴ ጀምሮ የተከታተልኩት አስፈሪ ፊልም ዘጠነኛ ክፍሉ ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ጠብቄው፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሸፈ። ድሮ ጥላው ብቻ የሚያስበረግገን መንፈስ አሁን ቁጭ ብሎ ለምን እንደሚገድል ያብራራል። የቀበሌ ስብሰባ በሉት።

«ይሄ ደግሞ ምኑን ጅን ሆነ?» አለች አክስቴ። «ጅን ወሬ አያበዛም። በምታውቂው ሰው ድምፅ አንዴ ይጠራሻል፣ አቤት ካልሽ አለቀ። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

ሳቅኩባት። ያኔ ነው የተጠራሁት።

«ጨሊሲ፣ ዝም በይ። ትድገመው» አለችኝ በሹክሹክታ። ፊልሙን አቁመን ጠበቅን። አልደገመችም። ወጥተን ብናይ ግቢው ውስጥ ማንም የለም።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ገና ጨፋ ሮቢት ገበያ ነኝ፣ መኪና አጥቼ» አለች።

እናንተስ፣ እንዲህ ተጠርታችሁ አቤት ያላችሁ አላችሁ? ምን ገጠማችሁ?

እናቴን ስትመጪ ሁለቴ ጥሪኝ ብያታለሁ። ይህን እየጻፍኩ አሁን አንዴ ተጠራሁ።