የጠራዡ ድምፅ እና ርካሹ ፍላሽ

ያን ጊዜ ከአሮጌው ከተማ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአንድ ጎረቤቴን ትዝታ እቀዳ ነበር። ሽማግሌው ቁርአን ጠራዥ ነበሩ። ቆዳውን የሚያለፉት፣ ጌጡን የሚያትሙት ራሳቸው ናቸው፤ ከልጆቻቸው ሙያውን የወሰደ አልነበረም። እኔ ድምፃቸውን በትንሽ መቅረጫ እቀዳና ወደ ላፕቶፔ አስገብቼ ከመቅረጫው አጠፋለሁ።

በደስታ ተቀበሉኝ ልል አልችልም። የመጀመሪያው ዓመት ስድብ ነበር። «እናንተ የተማራችሁት፣ በእጃችሁ ያልሠራችሁትን ሁሉ አውቀናል ትላላችሁ» ይሉኛል። በሁለተኛው ዓመት ለሰስ አሉ። ሙጫውን እንዴት እንደሚያፈሉ፣ መምህራቸው እንዴት እንደገረፏቸው፣ ሟች ሚስታቸውን እንዴት እንዳገቡ አጫወቱኝ። ሴት ልጃቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልለሰለሰችም። ሸዋ በር ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል።

«አባቴን ጨምቀሽ ጨምቀሽ የት ልትወስጂው ነው?» አለችኝ አንድ ቀን በሩን ዘግታ ቆማ።

«ስንጨርስ ሁሉንም ለእናንተ እሰጣለሁ።»

«ወላሂ፣ ሳትሰጪ ብትቀሪ እዚህ ሰፈር አትኖሪም።»

ሥራውን ወደ መጨረስ ስንቃረብ ላፕቶፑ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። አቦከር ሰፈር ወዳለ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ዲስኩ እየሞተ ነው። ዛሬ ነገ ሳትይ ፋይልሽን ገልብጪ።»

«በምን?»

ከድሬዳዋ ሃርድ ዲስክ አስመጪ አለኝ። ዋጋው ከወር ደሞዜ ግማሽ ይበልጥ ነበር። ዲቪዲ አልኩት፤ የላፕቶፔ ዲቪዲ መጻፊያ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የእሱም ያን ሰሞን አይሠራም ነበር። ኢንተርኔቱን ቀደም ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ አንዷን የድምፅ ቅጂ ለመጫን ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ መስመሩ ተቋርጦብኝ ተመልሻለሁ።

«ፍላሽስ?»

«ሸዋ በር ያለውን እንዳትነኪ። ላዩ ላይ ስልሳ አራት ጊጋ ይላል፣ ውስጡ አራት ነው። ግን አስተማሪ መቼ ይሰማል! እናንተ እኮ ርካሽ ነው የምትወዱት።»

ያቺን የመጨረሻዋን ባይጨምር ኖሮ ምናልባት እሰማው ነበር። ደሜ ፈላ። ላፕቶፔን አንስቼ በቀጥታ ሸዋ በር ወረድኩና፣ አንዱን ፍላሽ ቀና ብሎ እንኳ ካላየኝ ሻጭ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ገለበጥኩ። የሁሉም ቅጂ ስም በተራ ተደረደረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከፈትኩ፤ የሽማግሌው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። በማግስቱ ላፕቶፑን ለጠጋኙ ሰጠሁት፤ ዲስኩን፣ ቅጂዎቹን ሁሉ በማይችል ርካሽ፣ ያገለገለ ትንሽ ዲስክ እንዲቀይርልኝ።

«ገልብጠሻል?»

«አዎ።»

«በምን?»

«አያገባህም።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌው ሞቱ። የለቅሶው ቀናት እንዳለፉ ልጃቸው ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ፍላሹን ሰክቼ ከመጨረሻው ጀመርኩ፤ ስለ እናቷ የተናገሩበትን ላሰማት ፈልጌ ነበር። አልከፈተም። ከእሱ በፊት ያለውንም ሞከርኩ፣ ከዚያ በፊት ያለውንም። ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም። ፍላሹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት።

«ምን ሆነ?»

«ጠፍቷል።»

«ጠፍቷል አትበይኝ! ለፈረንጅ ሸጠሽዋል።» ግቢው እስኪሰማ ጮኸች። «አባቴን ቀብሬ ሳልጨርስ ትዋሺኛለሽ?» ጎረቤቶች ከየበራቸው ብቅ አሉ። እኔም ጮህኩባት፤ ምን እንዳልኩ ዛሬ ማስታወስ አልፈልግም።

ፍላሹን ይዤ አቦከር ሄድኩ። ጠጋኙ ሰክቶ አየና፣ «አራት ጊጋ። አልነገርኩሽም?» አለ። ደስ ያለው መሰለኝ።

«አሮጌው ዲስክስ?»

«ጣልኩት። ገልብጫለሁ አላልሽም?»

የተረፈው ፍላሹ በትክክል መያዝ የቻለው ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅጂዎች። የስድቡ ዓመት። ሙጫውም፣ መምህሩም፣ ሚስታቸውም ሄደዋል። ጠጋኙ እነዚያን መጠናቸውን አሳንሶ አንድ ሲዲ ላይ አደረገልኝ፤ ለልጃቸው ሱቋ ድረስ ወሰድኩላት።

በጨርቆቹ መሃል በነበረችው ማጫወቻ ከፈተችው። አባቷ «ተነሺ ሂጂ ከቤቴ!» እያሉ ይጮሁብኛል። ጨርቅ ልትገዛ የቆመች ሴት ሳቀች። እሷ አልሳቀችም። ቀጥሎ ሽማግሌው፣ «ልጄ ፊደል ባትቆጥርም ካንቺ ትሻላለች፤ እሷ ሰው ታውቃለች» አሉ። ያን ቃል ረስቼው ነበር። እጇን ወደ ማጫወቻው ሰድዳ መልሳ አስደገመችው። ፊቷ ግን አልፈታም።

«ስለ እናቴ ያለው የታለ?»

«የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠጋኙ ነግሮኝ ነበር፣ በእልህ አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ሂጂ» አለችኝና ሲዲውን አውጥታ በነጭ ሻሽ ጠቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ሰላም ብላኝ አታውቅም። እኔም በሱቋ በኩል ማለፍ ተውኩ። በዚያው ዓመት ደሞዜን አጠራቅሜ፣ ጠጋኙ ጋ ሳልሄድ፣ ራሴ ድሬዳዋ ሄጄ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የገለበጥኩትን እያንዳንዱን ቅጂ ከዳር እስከ ዳር ሳላዳምጥ ዋናውን አላጠፋም። ፈላና በርን ለቅቄ ሌላ ቤት የተከራየሁት በቀጣዩ ክረምት ነው።