የሃያ ደቂቃው ልኬት

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አሁን እናንተ ስሙኝ፤ አታባብሉኝ ብቻ።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ከሃዊ ጋር ነው የሰራነው፣ እዚሁ አዳማ። ኮምፒውተራችሁ ስራ ሲፈታ ለሳይንቲስቶች ስሌት እንዲሰራ በፈቃዳችሁ የምትሰጡበት ፕሮግራም አለ፤ በሰራው ልክ ነጥብ ይይዛል። የኔ አዲስ ላፕቶፕና የዩኒቨርሲቲያችን ላብ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ የቱ ብዙ ነጥብ ያመጣል? ጥያቄያችን ይሄ ነበር። አማካሪያችን ለየብቻችሁ ሁለቱንም ሶስት ሶስት ቀን ለኩ አለን።

ሃዊ ላፕቶፔን ተውሳ ለካች። እኔ አልለካሁም። ጠዋት በብርዱ ሃያ ደቂቃ አየሁና ሰለቸኝ፤ በካልኩሌተር አባዝቼ ሶስት ቀን አደረግኩት። በኔ ወረቀት ላፕቶፑ በእጥፍ በለጠ፤ በሷ ዴስክቶፑ።

አማካሪው በክፍሉ ፊት የማንኛችሁን ልመን አለ። ሃዊ የሁሩታ ልጅ ናት፣ በኦሮምኛ ያደገች፤ ስትደነግጥ አማርኛው ያጥራታል።

"ላፕቶፑ ቀን ቀን ይግላል" አለች። "ሲግል ይደክማል።"

"ማሽን ይደክማል እንዴ፣ ሃዊዬ? እንግዲያ ምሳ አብዪው" አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ፣ እኔ ሶስት ቀን ሙሉ ለክቻለሁ፣ እሷ ከጭንቅላቷ ነው የጻፈችው አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ቁጥር ፈጥረሻል ተብላ ወደቀች። እኔ ጋዋን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ።

ባለፈው ሳምንት ለስራ ፈተና ላሳይ ብዬ ፕሮግራሙን ከፍቼ ምሳ በላሁ። ስመለስ ላፕቶፑ እጅ ያቃጥላል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ነጥቡ ከግማሽ በታች ወርዷል። ክው አልኩ። ያኔ ያልለካሁትን ሶስት ቀን አሁን ለካሁ። የሃዊ ቁጥር ነው፤ ትንሽ እንኳን ፈቀቅ አላለም። ስንት ጊዜ ነው "እሷም ተሳስታ ይሆናል" እያልኩ የተኛሁት? ያቺንም ማጽናኛ አጣኋት።

ሃዊ ዘንድሮም ፕሮጀክቱን እየደገመች ነው። ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። "ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቃለሁ" አለችኝ። "ለሱ ንገሪው።"

ዛሬ ጠዋት ለአማካሪው ጽፌ ላክሁለት፣ ሃያ ደቂቃዋን ሳልደብቅ። ዲግሪዬን ይቀሙኝ ይሆናል። ይቀሙኝ። ሃዊን ይቅር በይኝ አላልኳትም። በየትኛው አፌ?