ወልደ ማርያም የተባልን ሁለት ወታደሮች

ኮረብታውን የምንጠራው በካርታ ቁጥሩ ነበር፤ ቁጥሩ ዛሬ ጠፍቶብኛል። ሰሜን ውስጥ ያለ ድንጋያማ ጉብታ ነው። ሻለቃችን እዚያ ምሽግ ቆፍሮ የተቀመጠው በደርግ ጊዜ፣ የሁዳዴ ጾም እንደተያዘ ነው። እናንተ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ ስለ ታንክና ስለ መድፍ እንዳወራላችሁ ትፈልጋላችሁ። እሱም ነበር። እኔን ግን እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ ሌላ ነገር ነው።

የጌጃ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ለብሔራዊ ውትድርና ስጠራ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተሰናበትኩ። «ልጄ፣ ማተብህን አትፍታ፣ ጾምህን አትግደፍ። ሰው በጦር ሜዳም በቅድስና ያድጋል» አሉኝ። ይህችን ቃል ይዤ ዘመትኩ። ሌላው ሹመት ሲመኝ እኔ ጸድቄ መመለስ ተመኘሁ። ማተቤን የፖለቲካው ሹም እንዳያይብኝ አንገትጌዬ ውስጥ ቀበርኩት።

ራሽናችን የቆርቆሮ ሥጋና ኮቾሮ የምንለው ደረቅ ብስኩት ነበር። እኔ ኮቾሮዋን ብቻ በውሃ እያራስኩ እበላለሁ። አብሮኝ የሚመሽገው ሽፈራው የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ ነበር። ጉልበቱ ለጉድ፣ አፉ ደግሞ ከጉልበቱ የባሰ። አንድ ቀን ቆርቆሮዬን አንስቶ እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ጹም፣ እኔ ልብላልህ። የውሃ ተራህን እኔ እወርድልሃለሁ። ስትጸልይ ግን እኔንም ጥራኝ።»

«የክርስትና ስምህ ማነው?»

ቆርቆሮውን አስቀመጠ። «ተጠምቄያለሁ። እናቴ በአራስነቷ ሞተች፣ የክርስትና አባቴም ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም» አለ።

«በሽፈራው ልጥራህ እንግዲህ።»

«ተው ባክህ! በሱ ስም ያልሠራሁት የለም።»

አሳዘነኝ። «እንግዲያው የእኔን ውሰድ፤ ወልደ ማርያም» አልኩት።

«ሁለታችንም? ሰማይ ቤት አይምታታባቸውም?»

«እነሱ ይለዩናል» አልኩት፤ እኔም እንደቀልድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም፤ ብቻ ሰውየው ተለወጠ። ስድብ ጀምሮ ይገታል፤ «ወልደ ማርያም እንዲህ አይልም» ብሎ ራሱ ይስቃል። ብርድ ልብሱን ወባ ለያዘው አዲስ ምልምል ሰጠና ጆንያ ለብሶ ተኛ። የእኔን ብቻ ሳይሆን የደካማውን ሁሉ የውሃ ጄሪካን ይሸከም ጀመር። እኔ ደግሞ ጾሙ ሲጠና ነገረኛ ሆንኩ። የቆርቆሮው ሽታ ያናድደኛል፣ የሰው ሳቅ ያናድደኛል። ቀናሁበት፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ጿሚው እኔ፣ የሚያምርበት እሱ። እንዲህም አለ እንዴ ብዬ ከእግዚአብሔር ጋር ሙግት ገጠምኩ።

ሰሙነ ሕማማት ላይ የማጥቃት ትእዛዝ መጣ። ጎህ ሲቀድ ከምሽግ ወጣን። ሞርታር ወረደብን። ሸለቆውን በሩጫ ተሻገርን። ከማዶ መትረየስ ያዘን፤ ሃምሳ አለቃችን ወደቀ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ጭኔን ተመትቼ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሽፈራው ተመልሶ እየጎተተ አለት ሥር አስገባኝ። ያን ምልምል ሊያመጣ እንደገና ወረደ። እሱንም አመጣው። አለቱ ጋ ሲደርስ ሆዱን ተመታ።

ረፋዱ ላይ ዓይኑን ገለጠ። «ጠዋት ጸልየሃል?»

«አዎ።»

«ለማን?»

ምን ልበለው? ስሙን ጠርቻለሁ፣ እንደወትሮው አንድ ጊዜ። ግን እየፈራሁ ነበር፤ ማንን አስቤ እንደጠራሁ አላውቅም።

«ለሁለታችንም» አልኩት።

«በቃ፣ ደህና» አለ። ቀትር ሳይሆን አረፈ።

የማዶው ኮረብታ በከሰዓት ተያዘ። ማታ ተቆጠርን። ከቡድናችን አሥር ሰዎች ስድስቱ የሉም። ሽፈራውን ያለ ቄስ፣ ያለ ፍትሐት እዚያው ድንጋይ ከመርንበት።

ቁስሌ ሲጠግግ ፈቃድ ተሰጠኝና አዲስ አበባ ገባሁ። በማግስቱ እያነከስኩ ልደታ ማርያም ሄድኩ። የንስሐ አባቴን ፍትሐት እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው።

«ስመ ክርስትናው?»

«ወልደ ማርያም።»

«እሱ ያንተ ነው እኮ ልጄ።»

«የእሱም ነው፣ አባ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ስም መጋራታችንን፣ ቅናቴን፣ ያቺን የመጨረሻ ጥያቄውን ሳይቀር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ተነሥተው መስቀላቸውን ያዙና ጸሎቱን ጀመሩ።

ቆሜ ስሜ ከሙታን ጋር ሲጠራ ሰማሁ። የሞተው እሱ ነው፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ማን ለማን እንደጾመ፣ ማን ለማን እንደሞተ ተምታታብኝ።

ሲጨርሱ፣ «አባ፣ እኔ ከእንግዲህ በማን ስም ልጸልይ? ሌላ ስም ይስጡኝ» አልኳቸው።

«በዚያው ነው ልጄ» አሉኝ። «ስሙን እሱ አሳድጎታል። አንተ ገና ልትደርስበት ነው።»

ይኸው አረጀሁ። ሁዳዴን አንድም ዓመት ገድፌ አላውቅም። ገና አልደረስኩበትም።